ብሎን

ለገሀሬ ጀርባ፣ ካረጀው አጥር ሥር፣
አንዲት ቆርቆሮ ቤት፤ ሞረድ፣ ብሎን፣ ችግር።
ቁልፍ እሠራለሁ፣ ለበርም ለሻንጣ፣
ለባጃጅ፣ ለሱቁ፣ ቁልፍ ውጦ ለመጣ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ቤት ነበርኩኝ፤
ሐዲዱ ሲተኛ ሞረድ ይዤ ቀረሁኝ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ደቻቱ ሲነድ፣
ጥላ ጥላ ሲሻ፣ ለውሻም ሲከብድ፣
አብዲሰላም መጣ፣ በሽርጥ ጠቅልሎ፣
ክላሹን እንደ ልጅ ከጀርባው ላይ አዝሎ።

«ኡስታ ዝናቡ፣ ደንቡን አልሰማህም?
ካዝናው ባዶውን ይታሰር፤ ጣት አይፈታውም፤
መፍቻ ካልነካው ንቅንቅ አይልም፤
እንዲያ ካልሆነ ግን ወረቀት የለም»
ብላኛለች ጸሐፊዋ። ቀናም ብላ አላየችም።

ካዝና ሲሉኝ እኔ ብር ነው ትዝ የሚለኝ፤
እሱ ግን የራሱን ሠላሳ ሞት ቆጥሮ አሳየኝ።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
«ኡስታዬ፣» አለኝ፣ «አንተ አታጣውምና፣
ሰሙ የጠበቀ፣ ወርቁ ግን የተፈታ፣
እንዲህ ያለ ብሎን ሥራልኝ ለማታ።»

ሥራዬ ቅኔ አይደለም፤ ሥራዬ ብረት ነው።
ብረት ሁለት ትርጉም ሲኖረው ነው የሚሰበረው።
ባቡር ቤት ሙሴ አርሾ የሚባል አለቃ ነበረን፤
የሐዲዱን ስፋት በዘንግ እያስለካን፣ ፀሐይ እያስመታን።
«አንዲት ሚሊ ናት፣ ማን ያያታል?» ስንለው፣
«መንኮራኩሩ፣» ይል ነበር፤ ሌላ ቃል አልነበረው።

ስለዚህ የእውነት ብሎን ሠራሁ፤
አናቱ ሦስት ማዕዘን፣
መፍቻውም ከእሱ በቀር ማንንም የማያውቅ።

አብዲሰላም ጮኸ። «ሌባ ማንጎዬ ሥር ቢገባ፣
'ቆየኝ፣ መፍቻ ልፈልግ' ልበለው ለሌባ?»
መልስ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ዘይት አንጠባጠብኩ።
ግማሹን ከፈለኝ፤ ግማሹን ዱቤ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ገና ሳይነጋ፣ ቆርቆሮዬን ደበደበ።
ዓይኑ ቀልቷል፤ ጫማው የአንድ እግር ነው፤
ሌላው እግሩ ባዶ።

ሌሊት ማንጎው ሥር ቅጠል ተንኮሻኮሸ።
ተነሣ፤ መሣሪያውን ሳበ፤ መፍቻውን በጨለማ ዳበሰ።
ትራሱ ሥር የለም።
ሽርጡ ጫፍ ቋጥሮት ነበር፤ የለም።
ምንጣፉን ገለበጠ፤ ፋኖሱን ገለበጠ፤
እኔን ሰደበኝ፣ ሞረዴን ሰደበ፣
ጸሐፊዋን፣ ወረቀቷን፣ ማኅተሟን ሰደበ።
ኮቴው ቀረበ።
በሩ ሥር ደረሰ፣
ቆመ፣
አስነጠሰ።

ማስነጠሱን ያውቀዋል።
በሕፃንነቱ፣ የጤፍ አቧራ በነካው ቁጥር፣
ሦስቴ፣ ሁልጊዜ ሦስቴ።
ኢልያስ ነበር፤ የመጨረሻ ልጁ፤
ሳቢያን ኳስ ሲያይ አምሽቶ፣
የአባቱን ቁጣ ሸሽቶ
በአጥር የዘለለ።

ይህን ሁሉ ቆሞ ነገረኝ። አላመሰገነኝም።
እኔም አልጠበቅኩም፤ ሞረዴን አላቆምኩም።
ነገ የእውነት ሌባ ቢመጣስ? አላውቅም።
ያን ጥያቄውን ዛሬም አልመለስኩም።

«መፍቻው የት ተገኘ?» አልኩት።
«ስኳር ዕቃ ውስጥ። ሚስቴ ናት።»
ጥቂት ዝም አለ።
«ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።»

የዱቤውን ቀሪ ከኪሱ ዝቆ
መዳፌ ላይ አፈሰሰው፤ ዝርዝር ሳንቲም፣ የላበ።
«ብዙ አስከፈልከኝ» ብሎ ወጣ።
ስቆጥር፣ ከሳንቲሙ መሐል መፍቻው ነበር፣
ስኳር እንደለበሰ።

ሮጬ በር ላይ ብደርስ
ባጃጇ ወደ ከዚራ ታጥፋለች።
ረስቶት ይሁን ትቶት፣ እኔ እንጃ።
ደንቡ ስለዚህ ምን እንደሚል አላነበብኩም።

ከባለቤት አልባ ቁልፎች ጋር
ሚስማር ላይ ሰቀልኩት፣ ሲፈልገው ይመጣል ብዬ።

ከሰዓት ጉንዳን ወረረው።